ክረምት መቼ ነው ድንገት የመጣው?

ትናንት ማታ የዘነበው ለ20 ደቂቃ ነው። 20 ደቂቃ ብቻ! ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ከእኛ በታች ያሉት እማማ ፍራሻቸውን አጥር ላይ አስጥተው አገኘኋቸው። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ድንገት መጣብኝ» አሉኝ። እሳቸውን ምንም አልልም። ቃሉ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ድንገት? የበዓል በግ ዋጋ ከወር በፊት የምናጣራ ሰዎች፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሰኔ ላይ የሚገባ ክረምት እንዴት በየዓመቱ ድንገት ይሆንብናል?

እውነቱን እንነጋገር። የእማማ ፍራሽ የራሰው በዝናቡ አይደለም፣ በእኛ ነው። የሰፈሩን ቦይ የደፈንነው ከላይ ያለነው ነን። ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሙሉ ትራስ አይቻለሁ። «ቦይ መጥረግ የቀበሌ ሥራ ነው» ትሉኛላችሁ። ይሁን፣ ቀበሌም ይጠየቅ። ትራሱን የጣለው ግን ቀበሌ አይደለም።

ድሬዳዋን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ዝናቡ የወረደው ከላይ ደጋው ላይ ነበር። ያን ጎርፍ ፌስታል አመጣው እያልኩ አይደለም። ከላይ የሆነው ነገር ታች ያለውን ሰው ቤት እንደሚያንኳኳ ለማየት ግን ከዚያ በላይ ምን ምሳሌ ያስፈልጋል?

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግንቦት ሳይገባ ግን በርበሬው ደርቆ ተወቅጧል፣ ሽሮው ተፈጭቷል፣ ኩበቱ ተከምሮ ላስቲክ ለብሷል፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ በጭድ ጭቃ ተመርጓል። እኛ ባለ ዲፕሎማዎቹ፣ ባለ ዲግሪዎቹም ጭምር፣ ሐምሌ ላይ ጣራው ሲያፈስ ሳፋ እንደቅናለን። የላላ የቆርቆሮ ሚስማር ለመምታትና አሸንዳ ለመጥረግ እኮ ፀሐይ እያለ ግማሽ ቀን ይበቃል። በዝናብ ጣራ ላይ የወጣ ሰው የሚወርደው በመሰላል ላይሆን ይችላል።

ጓሮ ያላችሁ ድንቹንና ጎመኑን ከፍ ባለ መደብ ላይ አድርጉት፣ ውሃ የተኛበት ድንች ይበሰብሳል። የውሃ መውጫውን ግን ወደ ጎረቤት አጥር አትቅደዱት! (በዚህ የተነሳ ሽማግሌ የተቀመጠባቸው ሁለት ጎረቤታሞች አውቃለሁ፣ እስካሁንም አይነጋገሩም።)

ወባ የገጠር በሽታ ናት የሚል ሰው አሁንም አለ፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳይቀር። ከእስያ የመጣች፣ ከተማ ውስጥ በርሜልና ታንከር ላይ የምትራባ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኝታለች። በርሜሉን ክደኑት። ወባ የምትበረታው ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። እኛ አደይ ሲፈነዳ አጎበሩን ከአልጋ አውርደን የጓሮ ችግኝ እናጥርበታለን።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላችሁ እኔ ነኝ። ፈተናም አውጥቼበታለሁ። አምና ሐምሌ መብራት ጠፍቶ ብርዱ ሲበረታ፣ ያው እኔ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ሲያልቅለት ምድጃውን መኝታ ቤት አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ። የመስኮቱን ስንጥቅ ሳይቀር ጨርቅ ወተፍኩበት። ሌሊት ልጄን አስመለሳት። እኔ ራሴን እየፈለጠኝ «ጉንፋን ነው፣ ተኙ» እላለሁ! ባለቤቴ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት፣ እየዳኸች ሄዳ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ባትከፍተው ኖሮ ዛሬ ስለ እኛ የምታነቡት ሌላ ጽሑፍ ነበር።

ስለዚህ «ጭሱ አልቋል፣ ፈም ሆኗል» አትበሉኝ። ያ ቀልቶ የሚያምረው ፈም ነው ዝም ብሎ የሚገድለው። ጨው ብትበትኑበትም ያው ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካስመለሰው ጉንፋን አይደለም። መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አካፋ ይዤ ከወፍጮ ቤቱ እስከ እማማ በር ያለውን ቦይ እጠርጋለሁ። የሰፈራችን ልጆች ኑ፣ በተለይ ኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ስታስቸግሩኝ የነበራችሁ፣ ጉልበታችሁን አውቀዋለሁ። ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ «ትክክል ቲቸር» ብላችሁ ከምታልፉኝ የራሳችሁን ቦይ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ከመጥረጋችሁ በፊት ያለውን።