የሂትለር ጃኬት የለም

አቦ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት ወፍራም ጃኬት የሚገዛው ለብርድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለስታይል ነው። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ እጅጌው ላይ ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ ባንዲራ የተሰፋበት አረንጓዴ ጃኬት ሲወጣ ሻጩ «የሂትለር ወታደር ነው፣ ኦሪጅናል!» ይላል። ዋጋው ወዲያው ይጨምራል። ገዢውም ደረቱን ይነፋል።

ውሸት ነው። ያንን ባንዲራ ሂትለር ራሱ በ1933 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሥልጣን እንደያዘ ያስወረደው ነው። ጃኬቱ በ1955 የተቋቋመው የምዕራብ ጀርመን ሠራዊት ነው። የሂትለር ወታደር ቀኝ ደረቱ ላይ ስዋስቲካ የጨበጠ ንስር ነበረው፤ የኤስኤሱ ቆብ ላይ ደግሞ የራስ ቅል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ስህተቱ አይደለም፤ ስሙ ዋጋ መጨመሩ ነው። «ጀግና ነበር እኮ» ትሉኛላችሁ። የማን ጀግና? ሙሶሊኒ ሕዝባችንን በመርዝ ጋዝ ፈጅቶ አገሪቱን ሲይዝ፣ ድሬን ጨምሮ ማለት ነው፣ በኦክቶበር 1936 ለወረራው እውቅና የሰጠው ሂትለር ነው።

«ክፉዎቹ ኤስኤሶቹ ብቻ ናቸው» የምትሉም አላችሁ። ተጠባባቂ የፖሊስ ሻለቃ 101 አረንጓዴ የለበሱ፣ አብዛኞቹ ከሐምቡርግ የመጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ተራ ሰዎች ነበሩ። ፖላንድ ውስጥ ቢያንስ 38,000 አይሁዶችን ተኩሰው ገድለዋል።

ጃኬቱን ልበሱት። ኪሱ ብዙ ነው፣ ጨርቁም ቶሎ አያልቅም፤ እኔም አለኝ። ሻጩ «የሂትለር» ካላችሁ ግን ዋጋ አስቀንሱት።