ኦፕሽን የሚባለው አጨዋወት ለኮሌጅ ቡድን ይበጃልን?

በአሜሪካ አገር የአንድ ኮሌጅ የፉትቦል ቡድን በተሸነፈ ቁጥር ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ብዙ ዘመን ሳይቋጭ ኖሯል። ይኸውም ቡድኑ ኳስ እየወረወረ ይጫወት ወይስ «ኦፕሽን» የተባለውን፣ በሩጫ ላይ የተመሠረተውን ስልት ይያዝ የሚል ነው። ለትምህርት ወደዚያ አገር የሄዱ ወጣቶቻችን ነገሩን በስታዲዮም ተቀምጠው ሳያዩት አይቀሩም። እዚህ ላለው አንባቢ ግን ጨዋታው እንግዳ ነውና አስቀድመን ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፉትቦል የእግር ኳስ ማለት ቢሆንም፣ አሜሪካኖች በዚህ ስም በሚጠሩት ጨዋታ እግርና ኳስ የሚገናኙት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለት ከ9 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ርቀት፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ቢሳካለት ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ባይሳካለት ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ኳሱን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ሰው ኳርተርባክ ይባላል፤ እርሱም ወይ ይወረውራል፣ ወይ ለሯጭ ያቀብላል፣ ወይ ራሱ ይዞ ይሮጣል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ከአጥቂዎቹ አንዱ ኳሱን የያዘው ነውና ማንንም ሊያግድ አይችልም፤ ኳርተርባኩም ኳሱን ካቀበለ በኋላ ብዙ ጊዜ ቆሞ ተመልካች ነው። ስለዚህ 11 ተከላካዮች በ9 አጋጆች ላይ ይመጣሉ፤ ሁለት ሰው ይተርፋል ማለት ነው። የኦፕሽን ብልኃት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚተርፉትን ሁለት ሰዎች ሆን ብሎ ይለቃቸውና በጉልበት ፈንታ በጥርጣሬ ያስራቸዋል። ኳርተርባኩ ኳሱን በመካከል ሰንጥቆ ለሚሮጠው ጓደኛው ሆዱ ላይ አስጠግቶ፣ የመጀመሪያውን ተከላካይ አተኩሮ ያያል። ተከላካዩ ሯጩን ለመያዝ ቢገባ ኳሱን መልሶ ይወስድና ወደ ዳር ይሮጣል፤ ባይገባ ለሯጩ ይተውለታል። ዳር ሲደርስ ሁለተኛው ያልታገደ ሰው ይገጥመዋል። ይህ ሰው ወደ ኳርተርባኩ ቢመጣ ኳሱ በጎን ለሚከተለው ሌላ ሯጭ ይጣላል፤ ያንን ሯጭ ቢጠብቅ ደግሞ ኳርተርባኩ ራሱ ያልፋል። ተከላካዩ የመረጠውን ቢመርጥ ከሁለት ያጣ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ሲሆን፣ ውሳኔው ያለው በአሠልጣኙ እጅ ሳይሆን በአንድ የ20 ዓመት ተማሪ እጅ ነው። ስልቱን የምንወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን አንሸሽግም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሚዙሪ ዩኒቨርስቲው አሠልጣኝ ዶን ፋሮት የኦፕሽንን ሥር የተከለው በ1941 ነበር። በ1968 የቴክሳስ ዩኒቨርስቲ አሠልጣኝ ዳረል ሮያልና ረዳቱ ኤሞሪ ቤላርድ «ዊሽቦን» የተባለውን አሰላለፍ አወጡ፤ ስሙ የመጣው ሹካ ከሚመስለው የዶሮ ደረት አጥንት ነው። የዚያን ዓመት የመጀመሪያውን ግጥሚያ እኩል ለእኩል ወጡ፤ ሁለተኛውን ተሸነፉ፤ ከዚያ በኋላ ግን በተከታታይ 30 ጊዜ አሸነፉ። የአላባማው ዝነኛ አሠልጣኝ ፖል ብራያንት በ1971 ስልቱን በምሥጢር አጥንቶ ሎስ አንጀለስ ድረስ በመሄድ የደቡብ ካሊፎርኒያን ዩኒቨርስቲ 17 ለ10 ረታ። በዚያው ዓመት የኦክላሆማ ቡድን በየግጥሚያው በአማካይ 472 ያርድ በሩጫ ብቻ ይገፋ ነበር። የኔብራስካው ቶም ኦዝቦርንም ኦፕሽንን ይዞ በ1994፣ በ1995 እና በ1997 የአገሩን ሻምፒዮናነት አገኘ፤ የ1995ቱን ውድድር የደመደመው ፍሎሪዳን 62 ለ24 በማሸነፍ ነው።

ታዲያ እነዚህ ታላላቆች ለምን ተዉት? መልሱ አጭር ነው። ገንዘብም ስምም ያለው ዩኒቨርስቲ ግዙፉንም ፈጣኑንም ወርዋሪውንም ከመላ አገሩ መርጦ ይወስዳል፤ በሰው ብልጫ ካለው ተከላካዩን በጥርጣሬ ማሰር አያሻውም። አላባማ ወደ ዊሽቦን ይመለስ የሚል ሰው ቢገኝ እኛ ከእርሱ ጋራ አንሰለፍም።

የእኛ ነገር ስለ ሌሎቹ ነው። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ መዛወርም ቀለለ። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርስቲዎች ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። እንግዲህ መካከለኛው ኮሌጅ ሁለት ዓመት ያሠለጠነውን ጎበዝ ወርዋሪ ሀብታሙ ጎረቤት በሦስተኛው ዓመት ቢወስድበት ምን ያደርጋል? ከሀብታሙ ጋራ በአንድ ዓይነት ስልት እየተወዳደረ፣ ሀብታሙ ያልፈለጋቸውን እየለቀመ በየዓመቱ ሊሸነፍ ነውን? ወጪው ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። በብዙዎቹ መካከለኛ ኮሌጆች የስፖርቱ ክፍል የሚደጎመው ተማሪው ከትምህርት ክፍያው ጋራ ከሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ከእነዚያም ከፋዮች ስንቶቹ ስታዲዮሙን ረግጠውት አያውቁም።

ኦፕሽን ለእንዲህ ያለው ኮሌጅ የሚሰጠው፣ ሌላው የማይፈልጋቸውን ተጫዋቾች የሚያስፈልጉ ሰዎች ማድረግን ነው። ወርዋሪ ለመሆን ቁመት ያነሰው ነገር ግን ልበ ፈጣን የሆነ ልጅ፣ ከ136 ኪሎ በላይ ከሚመዝኑት አጋጆች በ20 ኪሎ የሚቀልል ግን ቶሎ የሚነሣ ልጅ፣ በዚህ ስልት ቦታ አለው። የጦር አካዳሚዎቹ ስልቱን ያልተዉት ስለዚህ ነው። ተማሪዎቻቸው ከተመረቁ በኋላ በጦሩ የማገልገል ግዴታ አለባቸው፤ የክብደትም ደንብ አለባቸው፤ ስለዚህ ግዙፎቹን አያገኙም። ሆኖም በ2018 የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ኦክላሆማን በገዛ ሜዳው ገጥሞ፣ ከ60ው ደቂቃ ከ44 የሚበልጠውን ኳሱን ይዞ ዋለ። የኦክላሆማው ኳርተርባክ ካይለር መሪ በዚያ ዓመት ከአገሩ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ብልጫ የተሸለመ ነበር፤ ነገር ግን ዳር የተቀመጠ ሰው አይወረውርም። ኦክላሆማ ያሸነፈው በተጨማሪ ሰዓት፣ 28 ለ21 ነው። ከዚያ በፊት በ2013 የጆርጂያ ሳውዘርን ቡድን ታላቁን ፍሎሪዳን 26 ለ20 ሲያሸንፍ አንድም ውርወራ አልተያዘለትም።

ሌላም ጥቅም አለው። ባላጋራው ይህን አጨዋወት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያያል፤ ለመዘጋጀት ያለው ጊዜም አንድ ሳምንት አይሞላም። በልምምድ ላይ ኦፕሽንን አስመስለው የሚያሳዩት ተጠባባቂዎቹ ደግሞ ራሳቸው አያውቁትም።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትን ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። ጨዋታው አሰልቺ ነው የሚለውን እንለፈው፤ ለተሸናፊ ሁሉም አሰልቺ ነው። ተጫዋቹን ለፕሮፌሽናል ሊግ አያዘጋጅም የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ወደዚያ ሊግ የሚደርሱት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። የቀሩትን 98ቱን ያሰበ አሠልጣኝ አይወቀስም። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ይኸውም በብዙ ነጥብ ወደ ኋላ የቀረ የኦፕሽን ቡድን ቶሎ ሊመለስ አለመቻሉና ኳርተርባኩ በየሙከራው መመታቱ ነው። ይህን ሁለተኛውን አቃልሎ የሚያልፍ አሠልጣኝ ልጅ ሊሰጠው አይገባም። ደንቡም ጠብቋል፤ በ2022 ከመስመሩ መካከል ውጪ ከወገብ በታች ማገድ ተከልክሏል። ከዚህ የተነሣ የጦር አካዳሚው በ2023 ስልቱን ወደ ዘመናዊው አሰላለፍ ቢለውጥ 6 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። በ2024 ወደ ቀድሞው አሠራር በብዙው ሲመለስ ግን 12 አሸንፎ በ2 ብቻ ተሸነፈ፤ በገባበትም ሊግ በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ስልቱን በመያዝ ሳይሆን በመልቀቅ ነው። ጆርጂያ ቴክ ከ2008 እስከ 2018 በፖል ጆንሰን መሪነት ኦፕሽን ተጫወተ፤ በ2014 ውድድር መጨረሻም ሚሲሲፒ ስቴትን በኦሬንጅ ቦውል 49 ለ34 ረታ። ጆንሰን ሲሄድ ኮሌጁ ስልቱን ጨርሶ ጣለ፤ በተከታዮቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ያሸነፈው 3 ግጥሚያ ብቻ ሆነ። ለሩጫ የተመለመሉ ልጆች በአንድ ክረምት ወርዋሪና ቀላቢ አይሆኑም። ግማሹን ኦፕሽን ግማሹን ውርወራ እናድርገው የሚሉትም አሉ፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት መካከለኛው ኮሌጅ ኦፕሽንን ይያዝ፤ ሲይዝ ግን በአሠልጣኙ ውል ላይ የጊዜውን ነገር አስቀድሞ ይጻፍ። የመጀመሪያው ዓመት ምልምሎች አራተኛ ዓመት እስኪደርሱ ድረስ የኮሌጁ ፕሬዚዳንትም፣ ገንዘብ የሚሰጡት የቀድሞ ተማሪዎችም ውጤት ቆጥረው አሠልጣኙን እንዳያባርሩ ይታሰሩ። ይኸው ፖል ጆንሰን ወደ ጆርጂያ ቴክ ከመሄዱ በፊት በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ነበር። ከእርሱ በፊት በ2001 ቡድኑ 10 ተጫውቶ 10 ተሸንፏል። እርሱ በመጣበት በ2002 ያሸነፈው 2 ብቻ ነው፤ በ10 ተሸነፈ። ያን ጊዜ የሚቆጥር ሰው ቆጥሮ ሊያሰናብተው ይችል ነበር። አላሰናበቱትም፤ በ2003 ስምንት አሸነፈ፤ በ2007 ደግሞ ከ1963 ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ያላሸነፉትን ኖትር ዳምን በሦስተኛው ተጨማሪ ሰዓት 46 ለ44 ረቱ።