ነፃው መጋዘን ኪራይ ጠየቀ

መጋዘን ተከራይቶ የሠራ ነጋዴ ሁሉ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ዕቃው የራሱ ቢሆንም ቁልፉ ያለው በባለመጋዘኑ እጅ ነው። ስለዚህ የኪራዩን ዘመን ሳይወስን፣ ዋጋው መቼ እንደሚጨምር ሳይጠይቅ፣ ዕቃውን በስንት ቀን ማውጣት እንደሚችል ሳይዋዋል አንድ ኩንታል እንኳ አያስገባም። ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነው ነጋዴ ግን ብዙ ሺህ ብር እየከፈለ የሚያስተምረው ልጁ የትምህርት ሥራውን የት እንደሚያስቀምጥ ቢጠየቅ፣ መልስ የሚኖረው አይመስለንም። መልሱ አጭር ነው፤ በሰው መጋዘን፣ ውሉ ሳይነበብ፣ “በነፃ”።

ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዛሬ የቡድን ሥራውንም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው እንደ ጎግል ዶክስ ባሉ የኢንተርኔት መጻፊያዎች ነው። የሚያስቀምጠውም በጎግል ድራይቭ ወይም በማይክሮሶፍት ዋን ድራይቭ ነው። ክላውድ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰነዱ የሚያርፈው በተማሪው ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን በኩባንያው ማሽኖች ላይ ነው። ጥቅሙን መካድ አይቻልም። አምስት ተማሪዎች አንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፋሉ። ማን ምን እንደጨመረና እንደቀነሰ ከለውጥ መዝገቡ ይታያል። ላፕቶፕ ቢሰረቅ ወይም ፍላሽ ቢበላሽ ሥራው አብሮ አይጠፋም። በመሆኑም የዚህ ጸሐፊ ጥያቄ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን “ነፃ” በሚለው ቃል ላይ ነው።

ታሪኩን እናስታውስ። ጎግል ለትምህርት ተቋማት በነፃ የሚሰጠውን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ደግሞ ለተቋማቱ ገደብ የሌለው ማስቀመጫ ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ይህን የሰሙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ኢሜይላቸውን፣ የመምህራን ሰነዳቸውን፣ የላቦራቶሪ መረጃቸውንና የተቀረጸ ትምህርታቸውን እያጓጓዙ አስገቡ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 2021፣ ኩባንያው ገደብ የለሽነቱ እንደሚያበቃ ገለጸ። ነባር ደንበኞች ከጁላይ 2022 ጀምሮ ለአንድ ተቋም በጠቅላላው 100 ቴራባይት እንዲጋሩ ተወሰነ፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ይከፍላል። ማይክሮሶፍትም ተከተለ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ለትምህርት ተቋማት በነፃ የሚሰጠውን የጋራ ቦታ በ100 ቴራባይት ገደበ።

100 ቴራባይት ብዙ ይመስላል። ጎግል ራሱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰነዶችን ወይም 400,000 ሰዓት ቪዲዮ እንደሚይዝ ነግሮናል። እኛ ግን በነጋዴ ሒሳብ እንከፋፍለው። ዩኒቨርሲቲው 40,000 ተማሪዎች ቢኖሩት፣ መምህራንንና ጽሕፈት ቤቶችን ሳንቆጥር ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 2.5 ጊጋባይት ነው። ይህ በኩባንያው በራሱ ስሌት የ10 ሰዓት ቪዲዮ ነው። ማንም መንገደኛ በነፃ የሚከፍተው የግል የጎግል አካውንት 15 ጊጋባይት ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ድርሻ የመንገደኛው አንድ ስድስተኛ ሆነ ማለት ነው። ለጽሑፍ ብቻ 2.5 ጊጋባይት ይተርፋል፤ ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮና የጥናት መረጃ ሲጨመር ግን አይበቃም። በአሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪን ኮታ የቀነሱት፣ የተመራቂዎችን አካውንትም መዝጋት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ኩባንያዎቹን በክፋት መክሰስ ተገቢ አይደለም። ቦታ ማሽን ነው፣ መብራት ነው፣ የሰው ኃይል ነው፤ ዋጋ አለው። ዋጋ ያለው ዕቃ በዜሮ ሲሸጥ ምን እንደሚከተል ገበያተኛው ያውቃል። ድሮፕቦክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ለድርጅቶች ይሰጥ የነበረውን ገደብ የለሽ ቦታ ያቆመው አንዳንዶቹ ለክሪፕቶ ሥራ ስለተጠቀሙበት፣ አንዳንዶቹም ቦታውን መልሰው ስለቸረቸሩት መሆኑን አስታውቋል። ደላላ የሌለበት ነፃ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ጸሐፊ ትኩረት የሚሰጠው ግን ኢኮኖሚስቶች የመቀየሪያ ወጪ ለሚሉት ጉዳይ ነው። ዕቃን ወደ መጋዘን ማስገባት በነፃ ሲሆን ማውጣት ግን ጉልበትና ጊዜ ይጠይቃል። ለአሥር ዓመት የተከማቸ የዩኒቨርሲቲ ሰነድ ዋጋ ስለጨመረ ብቻ በአንድ ወር ወደ ሌላ ቦታ አይዛወርም። ተከራዩ መውጣት እንዳቃተው የሚያውቅ አከራይ ደግሞ በድርድር ጠረጴዛ ላይ የበላይ ነው።

በዚህ ላይ ተማሪዎች የማያስተውሉት ወጥመድ አለ። አንድ የጎግል ዶክስ ሰነድ በኮምፒዩተር ላይ ካለው የድራይቭ ማኅደር ተነሥቶ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ጽሑፉ አይገለበጥም፤ የሚገለበጠው አድራሻው ብቻ ነው። የምርት ገበያ ሰዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ በእጅ ያለው የመጋዘን ደረሰኝ እንጂ ቡናው አይደለም። አካውንቱ በተዘጋ ቀን ደረሰኙ ዋጋ የለውም። ጽሑፉን በእጅ ለማድረግ በወርድ ወይም በፒዲኤፍ መልክ ማውረድ ያስፈልጋል። የግል አካውንት የያዘ ተማሪም ቢሆን እፎይ አይልም፤ ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነይዘቱ መሰረዝ የሚያስችለውን ደንብ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁለት ተጨማሪ ወጪዎች አሉብን። አንደኛው ምንዛሪ ነው። ኪራዩ የሚተመነው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አልፏል። በወር ሁለት ዶላር የሚከፈልበት ቦታ ከ114 ብር ወደ 200 ብር ወጣ ማለት ነው፤ ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር። ሁለተኛው መንገድ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና እንዳይሾልክ ተብሎ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ምክንያት ደጃቸውን በዘጉበት በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጧል። መጋዘኑ ሳይቃጠል፣ ኪራዩም ሳይጨምር መንገዱ ብቻ ሲዘጋ ዕቃው እንደሌለ ይቆጠራል።

ታዲያ ሁሉም ኮሌጅ የራሱን ሰርቨር ይግዛ ማለት ነውን? አይደለም። ማሽኑም የሚገዛው በዶላር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ፣ ማሽኑም ባለሙያ ይፈልጋል። ለአነስተኛ ኮሌጅ ኪራይ አሁንም ይረክሳል። የምንለው፣ ኪራይ መሆኑ ታውቆ እንደ ኪራይ ይያዝ ነው።

ይህም ሦስት ነገር ይጠይቃል። በመጀመሪያ፣ በግል ኮሌጆች ላይ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ባለሀብቶች ለክላውድ አገልግሎት ዛሬ የማይከፍሉ ቢሆንም በየዓመቱ በጀታቸው ውስጥ አንድ መስመር ይክፈቱለት፤ ዜሮ የነበረው ሒሳብ በአንድ ማስታወቂያ ሊለወጥ እንደሚችል አይተናል። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የውጤት መዝገብ አንድ ቅጂ በአገር ውስጥ ይቀመጥ። በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክ የራክሲዮና የዊንጉ አፍሪካ የመረጃ ማዕከላት አሉ፤ ኮሌጆች በጋራ ሆነው ቦታ ቢከራዩ ለየብቻ ከመደራደር የተሻለ ዋጋ ያገኛሉ። ለዚህ አገናኝ የሚሆን ደላላም ሥራ አያጣም። ሦስተኛ፣ ተማሪው ራሱ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሥራውን አውርዶ በፍላሽ ይያዝ፤ ያለ ኢንተርኔት መሥራት የሚያስችለውንም አማራጭ መስመሩ ሳይቋረጥ በፊት ይክፈት። ከመመረቁ በፊትም የትምህርት ቤት አካውንቱ መቼ እንደሚዘጋ ሬጅስትራሩን ይጠይቅ።

ወላጆችም ክፍያ ሊፈጽሙ ወደ ኮሌጁ ሲሄዱ አንድ ጥያቄ ቢያክሉ አይከፋም፤ “የልጄ ሥራ የት ነው የሚቀመጠው? ቅጂውስ?” የሚል። ለአንድ ኩንታል እህል የጠየቁትን ለአራት ዓመት ድካም መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም።