ለተሸነፈው ንጉሥ

በበቾ ቦሬ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት አንድ ቀን፣ የዳግማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነገር ቢነሣ፣ አንድ ወጣት «የተሸነፈ ንጉሥ ደግሞ ምን ንጉሥ ይባላል!» ብሎ ሣቀ። ተሰብሳቢውም አብሮት ሣቀ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልሁም፤ ይህን ያስተማርሁት እኔው ነኝና።

በመምህርነቴ ዘመን የነገሥታቱን ስም ሳስቆጥር «ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክ» እል ነበር። አንድ ተማሪ ግን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከሞቱ፣ ዐፄ ዮሐንስም በጥር 1864 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ፣ በመካከሉ ማን ነበረ ሲል ጠየቀኝ። «አንድ ሰው ነበረ፤ ብዙ አልቆየም» ብዬ አለፍሁት። ብዙ አለመቆየት ኃጢአት ይመስል!

ያ ሰው ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ አስገድለዋቸዋል። ልጅየው በ1860 ዓ.ም. ነግሠው ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ፤ በቴዎድሮስ ዘመን የተቃጠሉትንም የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ለማደስ ተነሡ። ሚስታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ የደጃዝማች ካሣ፣ ማለት የኋላው የዐፄ ዮሐንስ፣ እህት ነበሩ።

ጥፋታቸውን አልሸሽግም። አማቻቸውን ለማስገበር የዘመቱት እሳቸው ናቸው። 60,000 ያህል ሠራዊት ይዘው 12,000 ያህል በነበረው በካሣ ላይ እንደ ሄዱ ይነገራል። ዳሩ ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው፣ ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደራቸውን አሠልጥኖላቸው ነበር። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ፣ አሳም ላይ፣ ብዛት በመሣሪያ ተረታ፤ ንጉሡም ተማረኩ።

እስከዚህ ድረስ የጦርነት ነገር ነው፤ ማንንም አልከስም። ከዚያ በኋላ ግን የእህት ባል ዓይኑ ጠፋ፤ በእስር እንዳለም ሞተ። የባቢሎን ንጉሥ የሴዴቅያስን ዓይን ቢያወጣ እንኳ ባዕድ ነበረ። እዚህ ግን አማች ነው፤ ክርስቲያን ነው፤ ያገር ልጅ ነው።

«ለአገር አንድነት ሲባል ነው» የሚሉኝ አሉ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ሠራዊቱ የተበተነበት፣ እጁ የታሰረ ሰው ምን አንድነት ያፈርሳል? ሌላ መንገድ እንደ ነበረማ ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ አሳይተዋል። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ምኒልክ ሲገብሩላቸው ምሕረት አድርገው በሸዋ ንጉሥነት አጸኗቸው። አገሪቱ በዚያ ምሕረት አልፈረሰችም። ዐፄ ዮሐንስን ስለ ጉንደትና ስለ ጉራ ድል፣ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ስለ ፈሰሰው ደማቸው አከብራቸዋለሁ። ሰውን ማክበር ግን ሥራውን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም።

ደግሞም ይህን ታሪክ አንሥተው አንዱን አገር ሰው በሌላው ላይ ለማነሣሣት ለሚሹ ጽሑፌን አልሰጥም። ጭካኔ የአንድ ወገን ርስት አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስም የተክለ ጊዮርጊስን አባት አልማሩም።

የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል ይባላል። ምሣሩን ለልጆቹ ያስያዝነው ግን እኛ መምህራን ነን። ያሸነፈ ሁሉ እውነተኛ፣ የተሸነፈ ሁሉ መሣቂያ ነው ብለን ካሳደግነው፣ ያ ወጣት ነገ ከእህቱ ባል ጋር በቡና መሬት ድንበር ቢጣላ፣ ሽማግሌ ከመጥራት ይልቅ ጉልበቱን ቢመዝን በምን አፋችን እንገሥጸዋለን?

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ መልሴን ዛሬ እሰጣለሁ። በመካከሉ ንጉሥ ነበረ። ስሙ ተክለ ጊዮርጊስ ነው። ተሸንፎ ሳለ ምሕረት ይገባው ነበር፤ አላገኘም።