ስልክም «ቤቶች!» ይባልበት

ባለፈው ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ስነሳ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለና «ቲቸር፣ ስልክዎን አጽድተዋል?» አለኝ። ወዲያው ገባኝ። ቴሌግራሜን አጠፋሁ፣ ፎቶዎቼን ሰረዝኩ፣ ከዚያ መናኸሪያ ወረድኩ። ድሮ መንገደኛ ስንቅ ነበር የሚያዘጋጀው፤ ዘንድሮ ስልኩን ያጸዳል። እንዳለውም መንገድ ላይ «ስልክህን ክፈት» ተባልኩ። ከፈትኩ።

«የምትደብቀው ከሌለህ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ስልኬ ውስጥ ያለው የኔ ብቻ አይደለም። የክፍል ስም ጠሪ ነኝ፤ የወላጆች ቁጥር አለ፣ የተማሪዎች ውጤት አለ፣ አንዲት ልጅ ለምን ከትምህርት እንደቀረች ለእኔ ብቻ ብላ የጻፈችው አለ። ስልኬን ስከፍት የሷም ገመና አብሮ ይከፈታል። እሷን ማን ጠየቃት?

በኛ አገር ጎረቤት ቤት እንኳ ሲኬድ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይባላል። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም ባለቤቱ «ግቡ» እስኪል ይጠበቃል።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደብዳቤያችን፣ ስልካችንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ለአገር ደኅንነትና ለሕዝብ ሰላም ሲባል ሊገደብ ይችላል፤ ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ነው። ጸጥታ አይጠበቅ አላልኩም፤ ያለንበትን ጊዜ አውቃለሁ። ነገር ግን «ክፈት» የሚል ቃል ብቻውን ሕግ አይሆንም።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ጸሎታችን መከፈቱ ብቻ ነበር። ሲከፈትስ የማን ዓይን አብሮ ይገባል ብለን አልጠየቅንም።

በመንግሥት ብቻ ግን አላሳብብም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ከ2016 ወዲህም የተማሪዎቼን ውጤት ከነስማቸው ግሩፕ ላይ ስለጥፍ ነበር። ዝቅተኛ ያመጣው ልጅ ምን እንደሚሰማው አላሰብኩም። አሁን ትቻለሁ፤ ውጤቱን ለየራሳቸው እነግራለሁ። ልጆች፣ ለዚያ ይቅርታ።

እናንተስ? ዛሬ ማታ ስልካችሁን አንዴ እዩት። የማን ገመና አደራ አለባችሁ?