ለቢሮ ኔትወርክ የሚሰጥ ስም

አንድ አነስተኛ ቢሮ ኔትወርኩን ሲያሻሽል ገንዘቡም ክርክሩም የሚውለው በሰርቨሩና በኬብሉ ላይ ነው። ለውስጥ ኔትወርኩ የሚሰጠው የዶሜይን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጽፎት የሚያልፈው ነገር ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ሰርቨር ሲያረጅ ይለወጣል፤ ስሙ ግን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር፣ በተጠቃሚዎች መለያና በፋይል ማጋሪያው ውስጥ ሥር ስለሚሰድ በኋላ መንቀል ብዙ ያደክማል።

እንደሚታወቀው ዲኤንኤስ የተባለው የስም መዝገብ የዛፍ ቅርጽ ያለው ሲሆን የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የዋና ዋናዎቹ ቅርንጫፎች ባለቤት የታወቀ ነው፤ ዶት ኢቲ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ነው። በፊዚክስ ትምህርት ተማሪ የመለኪያውን መነሻ ነጥብ ደስ ባለው ቦታ ቢያደርግ አንከለክለውም፤ ነጥቡን የሚሻማው የለምና። የስም ዛፍ ግን የጋራ ነው፤ ዛሬ ባለቤት የሌለው የሚመስል ቅርንጫፍ ነገ ሊሰጥ ይችላል።

የዶት ሎካል ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። የማይክሮሶፍት የአነስተኛ ድርጅቶች ሰርቨር ለዓመታት ይህንኑ መጨረሻ በራሱ ሲያቀርብ ኖሯል። በሌላ በኩል አፕል ኮምፒውተሮች ያለ ሰርቨር እርስ በርስ የሚጠያየቁበትን ዘዴ በዚሁ ስም አስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻው በይፋ ለዚህ ዘዴ ተከለለ። ስለዚህ አንዳንድ መሣሪያ በዶት ሎካል የሚያልቅ ስም ሲያገኝ ሰርቨሩን ከመጠየቅ ይልቅ ጎረቤቶቹን ይጣራል፤ መልስ ይዘገያል፣ ወይም ጭራሹን ይጠፋል። ከኅዳር 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የታወቁት የሰርተፊኬት ሰጪዎች ባለቤትነቱ ሊረጋገጥ ለማይችል የውስጥ ስም ሰርተፊኬት አይሰጡም።

ኮርፕ የተባለው ስም የባሰ ነው። ይህን ስም ለውስጥ ኔትወርክ የመረጡ ድርጅቶች ላፕቶፖች ከቢሮ ሲወጡ ሰርቨራቸውን ፍለጋ ወደ ኮርፕ ዶት ኮም ይሄዱ ነበር፤ የዚያ ስም ባለቤት ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙን ገዝቶ አደጋውን ዘጋ። አነስተኛ ቢሮ እንዲህ ያለ ቼክ አይቆርጥም!

ስለዚህ ቢሮው በሕግ ያስመዘገበውን ስም ይዞ ከሥሩ አንድ ቅርንጫፍ ለውስጥ አገልግሎት ቢለይ እንመርጣለን፤ ድረ ገጹ «ምሳሌ ዶት ኮም» ከሆነ ውስጡ «ቢሮ ዶት ምሳሌ ዶት ኮም» ይሁን። ያንኑ የድረ ገጹን ስም ሳይለውጡ ውስጥ መጠቀም አይከፋም የሚሉ አሉ። ሆኖም ያን ጊዜ ሁለት መዝገብ መያዝ ግድ ይሆናል፤ በውጭው የተጨመረ አድራሻ በውስጠኛው ካልተደገመ ሠራተኛው የራሱን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ መክፈት ያቅተዋል።

ስም ማስመዝገብ ለማይችል እ.ኤ.አ. በ2024 አይካን ዶት ኢንተርናል የተባለውን መጨረሻ ለግል ኔትወርክ ብቻ ከልሎታል። ከፈጠራ ስም ይሻላል፤ ግን ሁለት ቢሮዎች አንድ ዓይነት ስም ይዘው ሲዋሃዱ ግጭቱን አያድንም።

ምዝገባውም በመሥሪያ ቤቱ ስም ይሁን እንጂ በገጣጣሚው ባለሙያ ስም አይሁን፤ ዓመታዊው ክፍያ ሳይታደስ ከቀረ ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።