ኮይምብራ የዙም ጀርባ ሥዕል አይደለችም

ወገን፣ እንዲህ ዓይነቱን ቪዲዮ ሳታዩት አልቀራችሁም፦ የተከፈተ ላፕቶፕ፣ አጠገቡ ትንሽ ስኒ ቡና፣ ከኋላ ያረጀ የድንጋይ ማማ፣ ወደ ታች ደግሞ ወንዝ። ላዩ ላይ «ቢሮዬ ዓለም ነው» ምናምን የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ ደግሞ «እንዴት ነው የሚኬደው?» የሚል የአስተያየት መዓት። ከጠያቂዎቹ መሀል የእኛም ልጆች አሉ። ኮድ የሚጽፉ፣ ዲዛይን የሚሠሩ፣ የውጭ ድርጅት በርቀት የቀጠራቸው፣ ደመወዛቸው በዶላር የሆነ ጎበዞች። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ነገ እነሱን ለመሆን ዛሬ ሌሊቱን ለሚያጠኑት ነው።

ስለ አውሮፓ በጥቅሉ ማውራት ወሬ ማብዛት ነው። አንድ ከተማ እንያዝ፤ ፖርቱጋል ውስጥ ያለችውን ኮይምብራን። ሞንዴጎ የሚባል ወንዝ ዳር፣ ኮረብታ ላይ የተሠራች፣ ወደ 140 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1290 በንጉሥ ዲኒስ ዘመን ሊዝበን ላይ ተመሠረተ፤ በሁለቱ ከተሞች መሀል ሲመላለስ ከርሞ በ1537 ኮይምብራ ላይ ለዘለቄታው ተቀመጠ። በ2013 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ፖርቱጋሎች ስለ ከተሞቻቸው ሲቀልዱ «ብራጋ ይጸልያል፣ ፖርቶ ይሠራል፣ ኮይምብራ ያጠናል፣ ሊዝበን ይዝናናል» ይላሉ። ከወንዙ ወደ ላይኛው ከተማ የሚወስደው ደረጃ ስሙ ራሱ «ጀርባ ሰባሪ» ነው። እውነትም ይሰብራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ከአገሯ ውጭ ላለ ቀጣሪ በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች ቪዛ ትሰጣለች። ዋናው መስፈርት ገቢ ነው፦ የአገሪቱ ዝቅተኛ ወርሃዊ ደመወዝ አራት እጥፍ። በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 870 ዩሮ ነበር። አራት እጥፉ 3,480 ዩሮ ይመጣል።

እስቲ ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ሕጉ «ለመግባት እዚህ ቡና ከሚቀዳው ልጅ አራት እጥፍ ማግኘት አለብህ» ነው የሚላችሁ። ከዚያ ከልጁ ጋር አንድ ሰፈር ቤት ልትፈልጉ ትወጣላችሁ። አከራዩ ሞኝ አይደለም። ሁለታችሁን ጎን ለጎን ሲያይ ለማን እንደሚያከራይ ያውቃል። ዋጋውን ለማን እንደሚተምንም ያውቃል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2023 በሊዝበንና በሌሎች የፖርቱጋል ከተሞች ሕዝቡ «የመኖሪያ ቤት ያለህ» ብሎ አደባባይ የወጣው ዝም ብሎ አልነበረም። የቤቱ ችግር ብዙ አባት አለው፤ ቱሪዝሙ፣ የአጭር ጊዜ ኪራዩ፣ የውጭ ባለሀብቱ፣ መንግሥት ለዓመታት ቤት አለመሥራቱ። ላፕቶፕ ያዡ ብቻውን አላመጣውም። ግን ከሰልፉ ውጪ ነኝ ማለት አይችልም።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ቦሌ ላይ «ቤቱ ለውጭ ዜጋ ነው፣ ክፍያው በዶላር ነው» ሲባል የሚሰማንን እናውቀዋለን። በገዛ ከተማህ እንግዳ መሆን ምን እንደሚመስል ልናስተምር እንጂ ልንማር አይገባንም። ታዲያ ያንን ስሜት ይዘን ሄደን፣ እዚያ በሌላው ላይ ስናደርሰው አይታየንም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

«ከፈልኩ እኮ፣ ምን ቀረብኝ?» የሚል አይጠፋም። የቀረውን ለማየት ከተማዋን ማን እንደሠራት ማወቅ ያስፈልጋል።

ለአርባ ዓመት ገደማ ፖርቱጋልን ቀጥቅጦ የገዛው ሳላዛር ራሱ የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ያስተማረበትን ከተማ ግን አልማራትም። በ1940ዎቹ መንግሥቱ አዳዲስ ግዙፍ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎችን ለመትከል ሲል የላይኛውን ከተማ ትልቅ ክፍል አፈረሰው። ጠባብ መንገዶቹ፣ ቤቶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሄደ፤ ነዋሪው ተነሥቶ ከከተማው ዳር አዲስ ሰፈር ተሰጠው። ዛሬ ቪዲዮ ውስጥ «ጥንታዊ ግቢ» እየተባሉ የሚታዩት ሰፋፊ የድንጋይ ሕንፃዎች አንዳንዶቹ ከዚያ ፍርስራሽ ላይ የበቀሉ ናቸው። ፎቶው ውስጥ የተባረሩት ሰዎች የሉም።

ከዚያ 1969 መጣ። ሳላዛር ከወንበሩ ወርዷል፤ አገዛዙ ግን አልተነቃነቀም። አንጎላ፣ ሞዛምቢክና ጊኒ ቢሳው ውስጥ የቅኝ ግዛት ጦርነት አለ። ኤፕሪል 17 ቀን ፕሬዚዳንቱ አሜሪኮ ቶማሽ አዲሱን የሒሳብ ትምህርት ሕንፃ ሊመርቁ ኮይምብራ ገቡ። የተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር የነበረው የሕግ ተማሪ አልቤርቶ ማርቲንስ ብድግ ብሎ በተማሪዎቹ ስም ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ። በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው፦ «ልናገር?» ማለቱ። አላናገሩትም። ማታውኑ ታሰረ።

ተማሪው ግን ወደ ቤቱ አልገባም። ትምህርት አቆመ፤ ፈተና ሲደርስም አንቀመጥም አለ። ልብ በሉ፣ ፈተና መተው ማለት ለድሃ ልጅ ዓመቱን መጣል ነው። ለብዙዎቹ ደግሞ ተማሪነታቸው ከጦርነቱ የሚያዘገያቸው ጋሻ ነበር፤ አድማው ካበቃ በኋላ በቅጣት ወደ ወታደር ቤት የተላኩ አሉ። በዚያው ሰኔ ወር የከተማዋ የተማሪዎች ቡድን አካዴሚካ ለፖርቱጋል ዋንጫ ፍጻሜ ከቤንፊካ ጋር ሊዝበን ላይ ተገናኘ። ተጫዋቾቹ የተማሪውን ጥቁር ካባ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሜዳ ገቡ። የተመልካቹ መቀመጫ የተቃውሞ ጽሑፍ ሞላው። ፕሬዚዳንቱ ጨዋታውን ለማየት አልመጡም፣ ቴሌቪዥኑም አላስተላለፈውም። አካዴሚካ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1974፣ አገዛዙን ለጣሉት ወታደሮች ምልክት ሆኖ በሬዲዮ የተለቀቀውን ዘፈን የዘፈነው ዜካ አፎንሶ ደግሞ ኮይምብራ የተማረ ሰው ነው።

እንግዲህ ከጀርባችሁ የሚታየው ግድግዳ ይኼ ነው። እዚያ ኖሮ፣ ቋንቋውን ሳይናገር፣ ሳይጠይቅ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲል ከርሞ የሚወጣ ሰው የከፈለው ለእይታው ነው። ከተማዋን አላገኛትም።

የኑሮውንም እውነት ልንገራችሁ፤ ቪዲዮው ላይ አይመጣም። ቀጣሪያችሁ ኒውዮርክ ከሆነ፣ እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ሲገቡ ኮይምብራ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በክረምታቸው አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 11 ሰዓት ይሆናል። ማለትም ለአሜሪካ ለሚሠራ ሰው ኮይምብራ የሦስት ሰዓት እንቅልፍ ትመልስለታለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሥራው ማታ ድረስ ይዘልቃል፤ የከተማው ሰው ከሥራ ወጥቶ በሚጫወትበት ሰዓት እናንተ ጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ ስክሪን ላይ ናችሁ። ክረምቱ ዝናብና እርጥበት ነው። የድሮዎቹ ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ ማሞቂያ የላቸውም፤ ውጭው ሳይሆን ውስጡ ነው የሚበርደው። ካፖርት ለብሶ ኪቦርድ መምታት የተለመደ ነው።

ከተማዋ ውስጥ የምወደውን አንድ ነገር ልጨምር። ዮዋኒና የሚባለው ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1717 እስከ 1728 የተሠራ፣ ወርቅ የተቀባ መደርደሪያ ያለው ነው። ውስጡ የሌሊት ወፎች ይኖራሉ። አያባርሯቸውም፤ መጽሐፍ የሚበላውን ነፍሳት ሌሊት እየለቀሙ ይበሉላቸዋላ! ሠራተኞቹ በየማታው ጠረጴዛዎቹን በቆዳ ይሸፍናሉ፣ ጠዋት ኩሱን ይጠርጋሉ። የቆየ ነገር የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ በየቀኑ ኩስ የሚጠርግ ሰው ሲኖር።

እኛም ከዚህች ከተማ ጋር የቆየ ሒሳብ አለን። የኢየሱሳውያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1542 ኮይምብራ ላይ የከፈተው ኮሌጅ ለምሥራቁ ዓለም ሚስዮናውያን ያወጣ ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችንን ያመሰው፣ በኋላም አፄ ፋሲል ያስወጡት ሚስዮን የዚያው ማኅበር ነው። ያኔ እነሱ ወደ እኛ የመጡት ሊያስተምሩን እንጂ ሊሰሙን አልነበረም። ይህን የማነሣው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። በሰው አገር ሳይሰሙ መኖር ምን እንደሚያመጣ ታሪካችን ላይ ስላለ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከኮይምብራ የምንቀዳው ቪዛውን ብቻ ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1998 ሦስት የዚያው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች ክሪቲካል ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ምርታቸው ሆን ብሎ ስህተት እያስገባ፣ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሆን የሚፈትሽ ፕሮግራም ነበር። ከመጀመሪያ ደንበኞቻቸው አንዱ ናሳ ሆነ። ከዚያች ኮረብታ ሳይወርዱ! ዩኒቨርሲቲው ቀደም ብሎ በ1991 የመሠረተው የፔድሮ ኑኔስ ኢንስቲትዩት ለጀማሪ ድርጅቶች ቤትና ድጋፍ የሚሰጥ ነውና ከጎናቸው ነበር። የርቀት ሥራ ማለት ለእኔ በመጀመሪያ ይኼ ነው፦ ሥራው ይምጣ፣ ሰውየው ይቀመጥ፣ አጠገቡ ያለው ታናሽ ወንድሙ አይቶ ይማር።

«አንተ ደግሞ! እዚህ ኢንተርኔት በሌለበት?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ በርቀት ይሠሩ የነበሩ ልጆች ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ቀጣሪ «ኔትወርክ ጠፋ» የሚለውን አንድ ቀን ይሰማል፣ ሁለት ቀን ይሰማል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይፈልጋል። መብራቱም አለ፣ ደመወዝ በባንክ የማስገባቱም ጣጣ አለ። ስለዚህ የሄደውን አልወቅስም። መሄድ ክህደት ነው የሚለውን የፌስቡክ ጀግና አትስሙት፤ እሱ ራሱ ቪዛ ቢያገኝ ማታውኑ ነው የሚበረው። እኔ የምለው መሄዱ ሲወሰን ዓይን ተከፍቶ ይሁን፣ መቅረቱም ሲወሰን መሥራት የሚቻልበትን ሁኔታ እየጠየቅን ይሁን ነው። የኮይምብራ ልጆች መጀመሪያ የጠየቁት መናገርን ነበር። የእኛ ልጅ ደግሞ የማይቋረጥ መስመር ቢጠይቅ ቅንጦት አይደለም፣ እንጀራው ነው።

ለምትሄዱት፦ በቱሪስት ቪዛ ገብታችሁ መሥራት አይቻልም፤ «ማን ያየኛል» የሚለውን ምክር ለመካሪው ተዉለት። የግብር ከፋይ ቁጥር ቀድማችሁ አውጡ። ቤት ስትከራዩ ውሉ ግብር መሥሪያ ቤት ይመዝገብ፣ በየወሩም ደረሰኝ ይሰጣችሁ። አከራዩ «ያለ ደረሰኝ እቀንስልሃለሁ» ካላችሁ፣ መኖሪያ ፈቃድ ስታመለክቱ አድራሻችሁን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዳታጡ። ፖርቱጋልኛ ከመሄዳችሁ ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ፤ እንግሊዝኛ ካፌ ውስጥ ያኗኗራል፣ ቢሮ ውስጥ አያኗኗርም። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2023 እንደ አዲስ ሲቋቋም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ያልተቋጨ ፋይል ነው የወረሰው፤ ስለዚህ ለወረፋው ትዕግሥትም ገንዘብም ያዙ።

በሴፕቴምበር ደግሞ ቤት ልፈልግ ብላችሁ አትግቡ። ያን ጊዜ ከየገጠሩ የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እናቱን አስከትሎ፣ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ያንኑ ጀርባ ሰባሪ ደረጃ ላይ ታች እያለ አንዲት ክፍል ይፈልጋል። እናንተ ፌብሩዋሪ ላይ ብትገቡ ምንም አይቀርባችሁም፤ ስብሰባው እንደሆነ ዙም ላይ ነው።